በር አትበሉት፣ አንገት ነው

በኢስታራቭሻን ከተማ ሆሲያት ያልተጣላችው ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ሆና ስትሠራ ከሐኪሞቹ ጋር በየቀኑ፣ ከእኔ ከዙምራድ ጋር ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትጣላ ነበር። በዕድሜም በሥራም ታናሿ ስለሆንኩ እንደ ታላቅ እህት «አፓ» እላታለሁ፤ እሷም እንደ ታላቅ እህት ትቆጣኛለች። ከባሏ ጋር ግን ጠባቸው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከሠርጋቸው ጀምሮ ያላባራ። የሚጣሉት በጓጉንቸር ነው።

ባሏ ጓጉንቸር ሠሪ ናቸው። ለባለሙያ ሁሉ እንደምንለው ኡስታ ሙሚን እንላቸዋለን። ሱቃቸው ከገበያው ጀርባ ከአንጥረኞቹ ተርታ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ያወራል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጓጉንቸር ነው። ራሳቸው የሠሩት አለ፣ ሊጠገን መጥቶ ባለቤቱ የረሳው አለ፣ ከአባታቸው የወረሱትም አለ።

እኛ ዘንድ ሴት ምጥ ሲይዛት በቤቱ የተዘጋ ነገር ሁሉ ይከፈታል። ሳጥኑ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የጓዳው በር ይከፈታል፤ ጉንጉኗ ይፈታል፣ መቀነቷ ይላላል። ምጡ ከቆየ ወደ ጎረቤት ቤት ይሄዳሉ። ቁልፉ የጠፋበት ጓጉንቸር ከተገኘ ኡስታ ይጠራሉ። ከዚያም በላይ ከቆየ አንዷ አክስት ድንገት ግንባሯን ትመታና «የኡስታ ግድግዳ!» ትላለች። መቶ አርባ ሦስት የተቆለፈ ጓጉንቸር ተሰቅሎ ሴት እንዴት ትወልዳለች? ተያይዘው ሱቁ ደጃፍ ይቆማሉ። ኡስታ አንድም ቀን እምቢ ብለው አያውቁም። ሞረዳቸውን አስቀምጠው ከላይኛው ረድፍ ጀምረው ይከፍታሉ፤ ብዙ ጊዜም ግማሹ ላይ ሳይደርሱ «ወለደች!» የሚል ሰው እየሮጠ ይመጣል። ሰው ወደ እሳቸው የሚመጣው ሴትዮዋን ምጥ ይዟት አንድ ቀን ሙሉ ከቆየች በኋላ እንደሆነ፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ መውለዷ እንደማይቀር ማንም አላሰበውም፤ ሆሲያት ካልሆነች በቀር።

«የከተማውን ግማሽ ያዋለድኩት እኔ ነኝ» ይላሉ ኡስታ ሻይ ሲጠጡ። ሆሲያት ይህን ስትሰማ ቆሽቷ ያርራል።

አንድ ቀን አንዲት አማት በማዋለጃ ቤታችን ኮሪደር ላይ ይዛት «እህቴ፣ የምራቴ የማህፀን በር አልከፈት አለ፤ ምን ይሻላል?» ብላ ጠየቀቻት።

«መጀመሪያ ነገር በር አትበሉት!» አለች ሆሲያት። «በር ካላችሁት ቁልፍ ትፈልጋላችሁ፣ ቁልፍ ስትፈልጉ ባሌ ጋ ትሄዳላችሁ። አንገት ነው። የማህፀን አንገት።»

«እሺ አንገቱ። መቼ ይከፈታል?»

«አንገት አይከፈትም፣ ይለሰልሳል። ሂጂና ሾርባ አብያት።»

ለአዲስ ተለማማጆች የምትሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት ሁሌም አንድ ነበር። ዓይናቸውን ታስጨፍናቸውና የአፍንጫቸውን ጫፍ በጣታቸው ታስነካቸዋለች። «ያዛችሁት? ጠንካራ፣ ግትር። ያልደረሰ አንገት ይኼ ነው። አሁን ከንፈራችሁን ንኩ። የደረሰ አንገት ይኼ ነው። አፍንጫ ከሆነ ወደ ቤት፣ ከንፈር ከሆነ ወደ አልጋ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።» እኔ በመጀመሪያው የሥራ ወር ቸኩዬ አንዷን አፍንጫ «ከንፈር» ብዬ ጻፍኩና ሴትዮዋ ሁለት ቀን ሙሉ ኮሪደሩን ስትመላለስበት ከረመች። ሆሲያት ለአንድ ወር ያህል ባገኘችኝ ቁጥር የገዛ አፍንጫዬን በሁለት ጣቷ እየያዘች «ይኼ ምንድነው?» ትለኝ ነበር። ከተማው «አፓ አፍንጫ» የሚል ስም አወጣላት። ነፍሰ ጡሮች ከማዋለጃ ቤቱ ሲወጡ መንገድ ላይ «ምን አለችሽ?» ይባላሉ። «አፍንጫ» ይላሉ፤ ሁሉም ይገባዋል።

አንድ እሑድ ቤታቸው እራት ስንበላ ለባሏ ስታስረዳ ሰማኋት። የማህፀን ግድግዳ ሥጋ ነው፤ ይገፋል። አንገቱ ግን ባብዛኛው ክር ነው፣ ተጠምዝዞ የተጠቀለለ ጠንካራ ክር፣ ሥራውም መያዝ ነው። ወራቱን ሙሉ ማንም ሳያየው ውስጥ ውስጡን ይለወጣል። መጨረሻ ላይ በክሮቹ መካከል ውሃ ይገባል፣ ጥቅሉ ይላላል፣ ደረቅ ቆዳ ውሃ ውስጥ ሲያድር እንደሚለሰልሰው ማለት ነው። ከወለደች በኋላ ተመልሶ ይጠነክራል። «ዘጠኝ ወር ሙሉ የሠራው እሱ፣ በመጨረሻው ቀን ምስጋናውን የሚወስዱት እርስዎ» አለቻቸው። ባሏን እርስዎ ትላለች፤ የአገራችን ወግ ነው፣ ስትሰድባቸውም አይቀርም።

ኡስታ ዳቦውን ቆርሰው ሾርባው ውስጥ ነከሩ። «እና ውሃውን ግባ የሚለው ማነው?»

«ራሱ ያውቃል።»

«የእኔም ጓጉንቸሮች ራሳቸው ያውቃሉ። የእኔ ሥራ ማስታወስ ብቻ ነው።»

ሆሲያት ማንኪያዋን ጥላ ተነሳች።

ሰኖባር አንዲት ልጃቸው ናት። ከእነሱ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው የተዳረችው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ በአምስት ወሩ ጨነገፈ። ሕመም የለ፣ ቁርጠት የለ፤ ብቻ አንድ ቀን ጠዋት ሄደ። ለሁለተኛው እናቷ ራሷ ልትመረምራት ገባች፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ሃያኛው ሳምንት ነው። ሆሲያት ጣቷን አወጣች፣ ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን ታጠበች፣ ታጠበች፣ ውሃው ሲፈስ እኔ ሄጄ እስክዘጋው ድረስ ታጠበች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «ከንፈር» አለችኝ። ሁለተኛውም በሦስተኛው ቀን ሄደ። በሌሎች ሴቶች በዘጠነኛው ወር የሚላላው ክር በሰኖባር በአምስተኛው ይላላል፤ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የሰኖባርም አይደለም። ከተማውን በሙሉ «አፍንጫ ነው፣ ታገሱ» እያለች ስታባርር የኖረችው ሴት የገዛ ልጇ ላይ አፍንጫ አጣች። ያን ቀን ስለ እሷ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ሦስተኛውን ስታረግዝ ዋና ከተማ ወሰዷት። በአሥራ አራተኛው ሳምንት አንድ ሐኪም የከረጢት አፍ በገመድ እንደሚሰበሰብ አድርጎ አንገቱን ዙሪያውን ሰፋና ቋጠረው። ልጁ ይቆይ ዘንድ ተስፋው ያ ቋጠሮ ብቻ ነበር። ስለ ስፌቱ ያወቅነው ሰኖባር፣ ባሏ፣ ወላጆቿና እኔ ነን። አማቷ ቢቢሶሮ እንዳትሰማ ሆሲያት አስማለችን።

ቢቢሶሮ ክፉ ሴት አይደለችም። ችግሩም እሱ ነው፤ ክፉ ብትሆን ዝም ትል ነበር። ሁለቱ ልጆች የሄዱት የተዘጋ ነገር ስላፈናቸው ነው ብላ ደምድማለች። «መውጫ አጥተው ነው» ትል ነበር፤ ችግሩ ያለጊዜያቸው መውጣታቸው ነው ብሎ የነገራት አልነበረም፣ ቢነግራትም አትሰማም። ስለዚህ በዚህኛው ከአራተኛው ወር ጀምራ ቤቷን ከፈተችው። የሳጥን ክዳን ሁሉ ተነሳ። ሰኖባር ፀጉሯን እንዳትጎነጉን፣ የካፖርቷን ቁልፍ እንዳትቆልፍ፣ የጫማዋን ማሰሪያ እንዳታስር ታዘዘች። ኅዳር ወር ላይ በረዶ እየጣለ የግቢው በር ወለል ብሎ ያድራል። አንድ ቀን የጎረቤት ፍየል ገብታ የደረቀ የአፕሪኮት ከረጢት ላይ ስትጠግብ ተገኘች። ቢቢሶሮ ፍየሏን አላባረረቻትም፤ ገድ ነው አለች። እንዲህ ያለች ሴት ምራቷ ውስጥ ቋጠሮ መኖሩን ብትሰማ መቀስ ይዛ ነበር የምትመጣው።

ሆሲያት መጀመሪያ በዚህ ሁሉ ትስቅ ነበር። ከዚያ ሃያኛው ሳምንት ደረሰ።

ታኅሣሥ ነበር። ያን ቀን ሥራ ላይ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ቆልፋ ሄደች፣ ተመልሳ መቆለፉን አረጋገጠች፣ ከዚያ እንደገና ተመለሰች። ስንወጣ ዳቦ ልንገዛ ገበያ ሄድን፤ ዳቦውን ትታ ባሏ ሱቅ ገባች። ባለፈው ሳምንት የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ስታምጥ ግድግዳው ተከፍቶ ነበርና ግማሹ ጓጉንቸር ገና አፉን እንደከፈተ ነው።

«የሰኖባር አባት፣ እነዚህ ለምን ተከፍተዋል?»

«ለጋጋሪው ሚስት ነዋ።»

«ይቆልፏቸው።»

«ለምን?»

ሆሲያት ወደ ጣሪያው አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ወደ መሬት አየች። «አቧራ ይገባባቸዋል» አለች።

እኔ ደጅ ቆሜ እሰማለሁ። ሰው ይህን ያህል ዓመት ከተሳለቀችበት ሚስቱ እንዲህ ያለ ዕድል ሲያገኝ ምን እንደሚል አስቤ ነበር፣ እኔ ብሆን የምለውንም አዘጋጅቼላቸው ነበር። ኡስታ ሞረዳቸውን አስቀመጡ። «እውነትሽን ነው፤ አቧራ ክፉ ነው» አሉና መቆለፍ ጀመሩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የመጨረሻው እስኪቆለፍ ቆማ ጠበቀች። የመጨረሻው የአባታቸው ጓጉንቸር ነበር፣ ጠፍጣፋ ዳቦ የሚያህል ጥቁር ብረት። ሲቆለፍ እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«እርስዎ ይረሳሉ» አለችና የነጩ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡስታ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መመለስ ጀመሩ። የሚያምጡ ሴቶች ዘመዶች ሲመጡ «ጓጉንቸሮቹ ዘይት ጠጥተው ነው፣ እስኪደርቁ አይነኩም» ይላሉ። ከተማው ልባቸው ጨከነ፣ በስተርጅና ከፉ አለ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ከሦስት መቶ በላይ ሴቶች መቶ አርባ ሦስቱም ጓጉንቸሮች እንደተቆለፉ በእጃችን ወለዱ። ሆሲያት ዕድሜዋን ሙሉ የፈለገችው ማስረጃ ይኸው መጣላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገበያ መሃል ቆማ ታነበው ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ቢቢሶሮም ራሷ ሱቁ ድረስ መጣች። የልጆቻቸው ጋብቻ ያቆራኛቸው ሰዎች እኛ ዘንድ «ቁዳ» ይባባላሉ።

«ቁዳ፣ ለባዕድ ሲከፍቱ ኖረው ለገዛ ልጅዎ ይቆልፋሉ?»

«ገና ነው፣ ቁዳ።»

«ምኑ ነው ገናው? ሰባት ወር ሆናት! እኔ ቤቴን ለፍየል ሳይቀር ከፍቼ፣ እርስዎ አንድ ግድግዳ ያቅትዎት? የአባት ልብ እንዲህ ይደነድናል?»

ኡስታ ስድቡን ዋጡት። ቋጠሮውን ነግረው መገላገል ይችሉ ነበር፤ ግን ምለዋል። «ሻይ ይጠጣሉ?» አሉ። አልጠጣችም።

ሰባተኛው ወር አለፈ፣ ስምንተኛው አለፈ። በሠላሳ ሰባተኛው ሳምንት ስፌቱ እኛ ማዋለጃ ቤት ተቆረጠ፤ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ሆሲያት ልጁ እዚያው የሚወድቅ ይመስል ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማ ነበር። ሐኪሙ ሳቀባትና «አፓ፣ ይንኩት እስኪ» አላት። ነካችው። አፍንጫ!

እልል ማለት ነበረባት፤ ለሁለት ቀን አለችም። ከዚያ ሳምንት አለፈ፣ አፍንጫ። ሠላሳ ዘጠነኛው፣ አፍንጫ። አርባኛው፣ አፍንጫ። በአምስተኛው ወር አልያዝም ያለው አንገት አሁን አለቅም አለ።

«እማዬ፣ ምን ይሻለኛል?» አለች ሰኖባር።

«አፍንጫ ከሆነ... ወደ ቤት» አለች ሆሲያት።

በአርባ አንደኛው ሳምንት፣ ግንቦት ውስጥ፣ ምጡ ከዋዜማው ጀምሮ ያዛት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንገቱ ያው ግትር ነው። የሕፃኑ ልብ እየደከመ መጥቷል። ሐኪሙ «እስከ ቀትር እጠብቃለሁ፣ ካልሆነ ኦፕራሲዮን» አለ፤ ትክክል ነበር። ሆሲያት ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ወደ ግድግዳው ዞረችና ስልኳን አፏ ላይ ለጠፈች። አጠገቧ ስለነበርኩ እሷንም ባሏንም ሰማሁ።

«የሰኖባር አባት» አለች በሹክሹክታ፣ «አቧራው አልፏል። ይክፈቷቸው።»

ኡስታ ሞረዳቸውን ሲያስቀምጡ ሰማሁ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም!»

«የአባቴ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው።»

ሆሲያት ኪሷን ዳሰሰች። ያ ጋዋን ከዚያ ወዲህ ሃያ ጊዜ ለእጥበት ሄዷል። ቁልፉ በየትኛው የእጥበት ቤት በርሜል ውስጥ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

«ጠፍቷል። ይስበሩት!»

«በሕይወቴ ጓጉንቸር ሰብሬ አላውቅም። የሚሰብር ሌባ ነው።»

«ዛሬ ይስረቁልኝ!» ብላ ጮኸች፤ ኮሪደሩ ሙሉ ዞሮ አያት።

ወደ ውስጥ ስንመለስ ቢቢሶሮ አልጋው እግር ስር ተቀምጣ የራሷን ጫማ ማሰሪያ እየፈታች ነው። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሆሲያት ጓንቱን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ዙምራድ፣ አንቺ እዪልኝ። እጄን አላመንኩትም» አለችኝ። በአፍንጫዬ ወር ሙሉ የቀለደችብኝ ሴት!

አየሁ። እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ጊዜ አየሁ።

«ከንፈር ነው አፓ።»

«አትቀልጂ።»

«ከንፈር ነው እልሻለሁ። እየላላ ነው።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ለሁለቱ ልጆች ያልፈሰሰው እንባ ሁሉ ያን ቀን ወጣ። ሐኪሙ የልቡን ምት ደጋግሞ አዳመጠ፣ ቀትርን አሳለፈው፣ ደግሞም ጠበቀ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ፣ እየጮኸ። ሰኖባር ልጇን ደረቷ ላይ እንዳስተኙላት የስድስት ወር ምስጢር ከብዷት ኖሮ ስለ ስፌቱ ለአማቷ እዚያው ተናዘዘች።

ቢቢሶሮ አፏን ያዘች። «ታዲያ እኔ ስከፍት እናንተ ስትቋጥሩ ነው የከረማችሁት?» አለች። ከዚያ ሕፃኑን አየችና «ይኹን፤ እኔ ባልከፍት ኖሮ ገና አይወጣም ነበር» ብላ ለአራስ የሚሰጠውን የዱቄት ሾርባ፣ አትላ፣ ልታበስል ወደ ቤቷ ሮጠች።

ሆሲያት መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፈች። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ደቂቃ አጠጋግታ አታውቅም። ወዲያው ባሏ ጋ ደወለች። ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የሰማነው ድምፅ ክርር፣ ክርር የሚል የሞረድ ድምፅ ነው።

«ወንድ! ሁለቱም ደህና ናቸው!»

ሞረዱ ቆመ። ስልኩ ሳይዘጋ ግን፣ ትንሽ ቆይቶ፣ እንደገና ክርር፣ ክርር አለ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ከሆሲያት ጋር ሱቁ ደረስን። ግድግዳው ሙሉ አፉን ከፍቶ ተሰቅሏል። የአባታቸው ጓጉንቸር ቀለበቱ ተሞርዶ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፣ ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም። የኡስታ ጣቶች ቆስለዋል፤ ጉልበታቸው ላይ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል።

«ተከፈተ?» አለች ሆሲያት።

«ተከፈተ።»

«ስንት ሰዓት?»

ኡስታ ጓጉንቸሩን አየት አደረጉ። «ከዘጠኝ በፊት» አሉ።

እኔ አፌን ከፈትኩ። ልጁ ከተወለደ በኋላ የሞረዱን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሰዓቱንም መዝገቡ ላይ አይቻለሁ። ሆሲያት እግሬን ረገጠችኝ፣ አጥብቃ። ከዚያ ባሏ ፊት በርከክ አለችና የብረቱን ብናኝ ከጉልበታቸው ላይ በእጇ ማራገፍ ጀመረች።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለች።